«ስንት አልጋ ባስገባ ያዋጣል?» ላልሽው እህቴ፦ ሳሎኑን እንዳትነኪው

እህቴ፣ ጥያቄሽን ትናንት ማታ አይቼ እንቅልፍ ነሳኝ። ዱባይ ስድስት ዓመት ሠርተሽ ልትመለሺ ነው። ባሕር ዳር ባለ አምስት ክፍል ቤት ተከራይተሽ፣ ኪሳቸው ሳሳ ላለ ተጓዦች ሆስቴል ልትከፍቺ ነው። ክፍል ሳይሆን አልጋ ልታከራዪ። «ስንት አልጋ ባስገባ ያዋጣል?» ብለሽ ጠየቅሽ፣ ከጥያቄሽ ሥር አርባ ሰው «በርቺ የኔ ጀግና» ብሎ ጽፎ አለፈ። እኔ እንደሱ ብዬ ማለፍ አልቻልኩም። ይችኑ ጥያቄ ከሰባት ዓመት በፊት እኔም ጠይቄያት ነበር። የሚመልስልኝ ሰው አጣሁ፣ ራሴው መለስኳት፣ መልሴም ዋጋ አስከፈለኝ።

እኔም ዱባይ ነበርኩ። ዴይራ ሰፈር፣ ቤድ ስፔስ የሚሉት፣ ክፍል ሳይሆን አልጋ ብቻ ተከራይቼ። አንቺም እዛው አካባቢ እንደሆንሽ ልወራረድ። መኝታ ክፍሉ ውስጥ ስምንት ሴት፣ ሳሎኑ ውስጥ ስድስት፣ የኩሽናው በር አጠገብ ደግሞ አንዲት ፊሊፒናዊት። በመጋረጃ የታጠረች አንድ አልጋ፣ ከአልጋው ሥር ሻንጣ፣ ከትራሱ ሥር ስልክ። ያ አከራያችን አንዱን አፓርታማ በአልጋ እየቆራረጠ በሦስት እጥፍ ነበር የሚሸጠው። አገሬ ስገባ ይዤ የገባሁት የሱን ሂሳብ ነው። ጎንደር ላይ ይሄን ብሠራ ማን ያክለኛል አልኩ።

ጊዜውም ጥሩ ነበር። ቤቱን የተከራየሁት ሰኔ 2010 ነው። ፒያሳ ላይ ትልቅ ቦርሳ ያዘለ ፈረንጅ በየሰዓቱ ያልፋል። ፋሲል ግንብን አይቶ ወደ ስሜን ተራሮች የሚሄድ ነው ሁሉም፤ ግማሹ የሚያድረው ደግሞ መታጠቢያው የማይሠራ ፔንሲዮን ውስጥ ነው።

እሺ፣ በቁጥር ልሞክር።

1. ፈቃድ። ቤት ሳትከራዪ በፊት ፈቃዱ በምን ስም እንደሚወጣ አጣሪ። እኔ ተከራይቼ፣ ቀለም ቀብቼ፣ አልጋ አሠርቼ ነው የሄድኩት። ቢሮውን አልጠራም። መስኮቱ ጋ የተቀመጠው ሰውዬ ሆስቴል ስለው «የተማሪ ማደሪያ ከሆነ እዚህ አይደለም» አለኝ። አይ፣ የተጓዥ ነው፣ እንግዳው በአልጋ ነው የሚከፍለው፣ አንድ ክፍል ውስጥ ስድስት ሰው ሊያድር ይችላል አልኩት። እስክሪብቶውን አስቀመጠ።

«ይተዋወቃሉ?»

«አይተዋወቁም።»

«ወንድና ሴት ይደባለቃል?»

«ለሴት ብቻ የሆነ ክፍል አለ። የተደባለቀም አለ።»

ጎኑ ወዳለችው ልጅ ዞረና «ሰማሽ? ይሄማ ሌላ ስም አለው» ብሎ ሳቀ። ወረፋ የያዘው ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ። ነጠላዬን ሳብ አድርጌ ወጣሁ። ስምንት ዓመት የሰው ቤት ስጠርግ ያልሰማሁትን ስድብ አገሬ ገብቼ በገዛ ብሬ ሰማሁት።

አስራ አንድ ጊዜ ተመላለስኩ። አንድ ቀን ኃላፊው ስብሰባ ነው፣ አንድ ቀን ሲስተም የለም፣ አንድ ቀን ሲስተም አለ መብራት የለም። የሥራ ዘርፍ ዝርዝሩን አገላብጦ «ሆስቴል የሚል የለም» ይላል፣ ነገ ተመለሺ ይላል፣ ስመለስ ያንኑ ዝርዝር ያገላብጣል። በስንተኛው ቀን እንደሆነ እንጃ፣ ሌላ ክፍል የምትሠራ አንዲት ሴት ደረጃው ላይ አግኝታኝ «ለምን ትሟገቻለሽ፣ ፔንሲዮን ብለሽ አውጪው» አለችኝ። በሳምንቱ ወጣ። ሁለት የግል ክፍል እንዲኖረኝ ግን አስገደዱኝ። አኩርፌ ነበር ያስተካከልኳቸው፤ በኋላ ባልና ሚስት ሲመጣ፣ ቤተሰብ ሲመጣ፣ ኪራዩን የከፈሉልኝ እነዚያ ሁለት ክፍሎች ናቸው። ለባዶ ቤት ሦስት ወር 9 ሺህ 9 ሺህ ብር መክፈሌን ግን ማንም አልመለሰልኝም።

ያ ሰውዬ አምና መጣ። ዘመዱ ሆስፒታል ተኝታ ለአስታማሚ አልጋ ይፈልጋል። አላወቀኝም። እኔም ያወቅኩት አልመሰልኩም። ቅናሽ ግን አላደረግኩለትም።

2. ውል። በሁለት ምስክር የተጻፈች ወረቀት አትበቃሽም። ውልና ማስረጃ ሂዱ፣ አምስት ዓመት ይሁን፣ በየዓመቱ ስንት እንደሚጨምር በቁጥር ይጻፍ። እኔ ሁለት መታጠቢያ ቤት ጨምሬ ስጨርስ ባለቤቱ መጥቶ ሴራሚኩን በእጁ ዳበስ ዳበስ አደረገና «ቤቱማ አሁን 14 ሺህ ያወጣል» አለኝ። ስለዚህ ጉዳይ ብዙ አላወራም፣ ደሜ ይፈላል።

3. አልጋ። ተደራራቢ አልጋ ብረት ይሁን። እንጨት ትኋን ይደብቃል። ብየዳ ቤት ስታሠሪ ርዝመቱን 2 ሜትር አስደርጊ። የኔ ሠሪ በራሱ ቁመት ለክቶ 1 ሜትር ከ 80 አደረገውና የመጀመሪያው ሆላንዳዊ እግሩን በአልጋው ብረት መሀል አሾልኮ አደረ። ጠዋት ፎቶ ተነሳበት፣ ሳቅን፣ ፎቶው ግን ኢንተርኔት ላይ ወጣ። በየአልጋው አንድ ሶኬት፣ አንዲት ትንሽ መብራት፣ ከሥሩ ቁልፍ ያለው ሳጥን። ከሁሉም በላይ መጋረጃ። መጋረጃውን ከቤድ ስፔስ ነው ያመጣሁት፤ ከዱባይ ይዤ ከመጣሁት ሁሉ ትርፍ ያለው ሀሳብ እሱ ብቻ ነበር። አንዲት ልጅ ከማታውቃቸው አምስት ሰዎች ጋር ስታድር መጋረጃዋን ስባ ልብሷን መቀየር መቻሏ ምን ማለት እንደሆነ አንቺና እኔ እናውቀዋለን፣ ለሌላው ብናስረዳውም አይገባውም።

አሁን ወደ ጥያቄሽ። ስንት አልጋ?

የኔ ቤት አምስት ክፍልና ሳሎን ነው፣ ያንቺም እንደዛው ነው መቼም። ሁለቱ የግል ሆኑ። ሦስቱ ውስጥ ስድስት ስድስት አልጋ፣ 18። ከዛ ሳሎኑን አየሁት። ሰፊ፣ ብርሃን ያለው፣ በረንዳ ያለው፣ ባዶ። ቤድ ስፔስ የኖረ ሰው ባዶ ሳሎን ሲያይ እጁን ይበላዋል። ስምንት አልጋ አስገባሁበት። 26 ሆነ። አንዱ አልጋ በ 150 ብር፣ 3,900 ብር በማታ፣ 117 ሺህ በወር። ይሄን ቁጥር በስልኬ ካልኩሌተር እየመታሁ ነበር የምተኛው። ሰው መቶ ዓመት ቢኖር እንደዛ ዓይነት እንቅልፍ አይተኛም።

ጥቅምት 2011 ከፈትኩ። እንግዳ መጣ። ቦርሳውን አስቀመጠ፣ ታጠበ፣ ከዛ ወዲህ ወዲያ ያያል። መቀመጫ የለም። አልጋው ላይ ወጥቶ መጋረጃውን ይስባል፣ ስልኩን ያያል፣ ሲሰለቸው ጭማቂ ቤት ይሄዳል። በነጋታው ሻንጣውን ይዞ ይወጣል። የጥምቀት ሳምንት ሞላልኝ፤ ጥምቀትማ በረት ብታከራዪም ይሞላል። ከዛ ውጪ አምስት፣ ስድስት ሰው። የግምገማ ኮከቤ ጥሩ ነበር፣ አስተያየቱ ነው የገደለኝ። አንዱ የጻፈውን እስካሁን በቃሌ ይዤዋለሁ፦ «ንጹህ ነው፣ ባለቤቷ ደግ ናት፣ ግን ሆስፒታል ተኝቼ የወጣሁ መሰለኝ።»

ነገሩ የገባኝ የካቲት ላይ ነው። አንድ ፈረንሳዊና አንዲት ካናዳዊት ነበሩ። ሁለቱም ወደ ስሜን ነው የሚሄዱት። ደባርቅ ከጎንደር 100 ኪሎ ሜትር አካባቢ ነው፣ የፓርኩ ቢሮ እዛ ነው። እሱ ከመንገድ ላይ አንድ ሹፌር አግኝቶ መኪና ተከራየ። እሷ በሌላ ሰው በኩል ሌላ መኪና ተከራየች። በአንድ ማለዳ፣ ግማሽ ሰዓት ተለያይተው ከኔ በር ወጡ። የተገናኙት ደባርቅ ቢሮው በር ላይ ወረፋ ሲይዙ ነው። እያንዳንዳቸው የሙሉ መኪና ከፍለዋል። ስካውት፣ መሣሪያ የያዘ የፓርክ ጠባቂ ማለት ነው፣ ግዴታ ነው፣ ለቡድን አንድ ይበቃ ነበር፣ እነሱ ለየብቻ ሊይዙ ነበር። ከአራት ቀን በኋላ አብረው ተመለሱ፣ ፊታቸው በፀሐይ ተልጦ፣ እኔ ላይ ተቆጥተው። ልጅቷ ወደ ክፍሉ አስገባችኝና አልጋዎቹን አሳየችኝ። 4 ቁጥርና 5 ቁጥር። አንድ ሜትር አይራራቁም። ሁለት ሌሊት በኔ መጋረጃ ተጋርደው ጎን ለጎን ተኝተዋል፣ አንድም ቃል አልተነጋገሩም። «የት ሆነን እንነጋገር?» አለችኝ።

ምን ልበላት።

ያን ሰሞን አንድ ጡረታ የወጡ ጀርመናዊ መምህር ደረጃው ላይ ተቀምጠው ነበር፣ ሌላ መቀመጫ ስለሌለ። የሆስቴልን ነገር የጀመረው እንደ እኔው አስተማሪ የሆነ ሰው ነው ብለው አወጉኝ። ሪቻርድ ሺርማን የሚባል አስተማሪ ተማሪዎቹን በእግር ሽርሽር ይዞ ወጥቶ፣ በ1909 በነሱ አቆጣጠር፣ ኃይለኛ ዝናብ ይዟቸው አንድ ትምህርት ቤት ውስጥ አደሩ። ከዛ ነው በየመንገዱ ለተጓዥ ወጣት ርካሽ ማደሪያ ቢኖርስ ያለው። በ1912 አልቴና የሚባል ከተማ ባለ ቤተ መንግሥት ውስጥ ከፈተው። «አንቺም ቤተ መንግሥት አጠገብ ነሽ» አሉና ፋሲል ግንብ ወዳለበት ጠቆሙኝ። ቀጠሉና «ግን እሱ ልጆቹን በመጋረጃ አልለያያቸውም» አሉኝ። ሽማግሌ ሲተርብ አያድርስ!

ክረምት ሲገባ ስምንቱን አልጋ ከሳሎን አወጣሁ። በ3,500 ብር ያሠራሁትን አልጋ ለተማሪ ቤት ለሚያከራይ ሰው በ1,200 ሸጥኩት። ሲጭነው አላየሁም፣ ኩሽና ገብቼ ሽንኩርት ከተፍኩ። በዙሪያው መደብ አሠራሁ፣ ምንጣፍ፣ ትራስ፣ አራት በርጩማ፣ ረከቦት። ግድግዳው ላይ የስሜን ካርታና አንድ ጥቁር ሰሌዳ። በየቀኑ 10 ሰዓት ላይ ቡና ይፈላል፣ በነጻ። ጠመኔ አስቀመጥኩ። «ሐሙስ ጠዋት ደባርቅ፣ ሁለት ነን፣ ሁለት እንፈልጋለን» ብሎ የጻፈው የመጀመሪያው ሰው አንድ ጣሊያናዊ ነው። በሁለተኛው ሲኒ አራት ሞሉ።

መኪና ለአንድም ለአራትም ያው ነው። ዋጋው በአራት ሲካፈል ያ ኪሱ የሳሳው ተጓዥ የተረፈውን ብር የት ያጠፋዋል? እኔ ጋ። ከተራራው ሲወርድ ቆሽሾ፣ ርቦት፣ ቦርሳውን እኔ ጋ አስቀምጦ ስለሄደ የግድ ተመልሶ ነው የሚመጣው። ልብስ ያሳጥባል፣ በያይነቱ ይበላል፣ አብሮት የወጣው ቡድን ስላለ አንድ ማታ ይጨምራል፣ ከዛ ሌላ ማታ። አንድ ሌሊት የነበረው ቆይታ ሦስትና አራት ሆነ። በ2012 መጀመሪያ በ18 አልጋ ያገኘሁት በ26ቱ ካገኘሁት ከእጥፍ በላይ ነው። ያ ዓመት፣ ታኅሣሥ ላይ ጥምቀት በዩኔስኮ ተመዘገበ፣ ጥር ላይ ሰው በረንዳዬ ላይ ሁሉ ልተኛ ብሎ ለመነኝ። ኩራት ነው፣ ይቅርታ።

አንቺ ጋ ደግሞ ጀልባ አለ። ከዚህ የበለጠ ሳሎን የሚፈልግ ነገር የለም። ዘጌ፣ ዑራ ኪዳነ ምሕረት ለመሄድ ጀልባው ሙሉውን ነው የሚከራየው፤ ብቻውን የሚከፍል ተማሪ ፈረንጅ አይሄድም፣ አምስት ሆነው ግን ይሄዳሉ። ጢስ ዓባይም 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ ያው። ሰሌዳሽ ላይ ክብራን ገብርኤል ገዳም ሴት እንደማይገባ በትልቁ ጻፊ። ሴቷ የጀልባ ከፍላ ዳርቻው ላይ ተቀምጣ ስትጠብቅ የምትረግመው አንቺን ነው።

ቁጥሩ የት ደርሶ ነበር? ይሁን፣ ውሃ። ጎንደር ውሃ በፈረቃ ነው፣ ለሳምንት የሚጠፋበትም ጊዜ አለ። ባለ 2 ሺህ ሊትር ሮቶ አስቀምጬ ጨርሻለሁ ብዬ ነበር። ከተራራ የወረዱ አስር ሰዎች በአንድ ከሰዓት ጨረሱት። የመጨረሻዋ ልጅ ፀጉሯ ሳሙና እንደሆነ በፎጣ ተጠቅልላ ወጣች፣ በጀሪካን አስቀድቼ በጆግ ራሴ አለቀለቅኳት። አሁን ባለ 5 ሺህ ሁለት አለኝ። ባሕር ዳር ሐይቅ ስላለ ውሃ አለ ብለሽ እንዳትሸወጂ፣ ሐይቁ በቧንቧ አይመጣም። ሰፈሩን ጠይቂ፣ ደላላውን ሳይሆን ጎረቤቱን።

ትኋን። ይመጣል። ቦርሳ ላይ ተሳፍሮ ነው የሚመጣው፣ ስለዚህ ቦርሳ አልጋ ላይ አይወጣም፣ ይሄ ሕግ ነው። አንዴ መጥቶብኝ አንዱን ክፍል ሳምንት ዘጋሁት። አንሶላውን ሁሉ ቀቀልኩ፣ ብረቱን ፈልቶ በወረደ ውሃ አጠብኩ፣ ፍራሹን ፀሐይ ላይ አወጣሁ። ያን ቀን 10 ሰዓት ላይ ቡና እየቀዳሁ እንዳለ ነገርኳቸው። አንድም ሰው መጥፎ አልጻፈብኝም። ሳሎን ባይኖረኝ ኢንተርኔት ላይ ነበር የምሰማው።

የኦንላይን ቡኪንግ ድረ ገጽ ከያንዳንዱ አልጋ 15 በመቶ ገደማ ይወስድብኛል። ሂሳቡን በውጭ ምንዛሬ ክፈይ ሲሉኝ ከዚህ ሆኜ መክፈል አቅቶኝ ከዝርዝራቸው አወጡኝ። በጥምቀት ዋዜማ! ያዳነችኝ ዱባይ የቀረችው እህቴ ናት፣ በካርዷ ከፈለችልኝ። አንቺም እዛ የምታምኚው ሰው አስቀምጠሽ ነይ። ከእንግዳ ግን ያለ ፈቃድ ዶላር በጥሬው እንዳትቀበዪ፣ ለመነም አልለመነም። የእንግዳ መዝገብሽን ደግሞ በየማታው ሙዪ፣ ፖሊስ መጥቶ የሚጠይቅሽ ቀን ሁልጊዜ ያልሞላሽበት ቀን ነው።

አሁን ማንም የማይነግርሽን ልንገርሽ። መጋቢት 2012 ኮሮና ገባ። ጥቅምት 2013 ጦርነት። ሐምሌ 2015 መጨረሻ ክልላችን ላይ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ። በሰባት ዓመት ውስጥ በትክክል የሠራሁት አንድ ወቅት ነው። እቅድሽ ፈረንጅ ላይ ብቻ ከቆመ ብርሽን ዱባይ ተይው። እኔን ያቆመኝ የገዛ ወገኔ ነው። ጎንደር ሆስፒታል የተኛ ሰው ካለ አስታማሚ አለ፤ ከመተማ፣ ከአርማጭሆ፣ ከደንቢያ ይመጣል፣ ሳምንት ይቆያል፣ ኮሪደር ላይ ነጠላ አንጥፎ ያድራል፣ የፔንሲዮን ክፍል አይችልም። አልጋ ግን ይችላል። የዩኒቨርሲቲ ምርቃት ሲሆን ወላጅ ይመጣል፣ ያው። ዛሬ ከአስር እንግዳዬ ስምንቱ የኛው ሰው ነው። አንቺም ጋ ፈለገ ሕይወት ሆስፒታል አለ፣ ጥበበ ግዮን ሆስፒታል አለ፣ ዩኒቨርሲቲው አለ።

መጀመሪያ ሳሎኑ ለነሱ ምን ያደርጋል ብዬ ነበር፣ አልጋዎቹን ልመልሳቸው ሁሉ አሰብኩ። የመለሰኝ ያየሁት ነገር ነው። አንዲት እናት ልጃቸው ኦፕሬሽን ገብቶ ማታ ሲመለሱ መደቡ ጫፍ ላይ ተቀመጡ፣ አልተናገሩም። ከጎናቸው የነበረችው ሴት ባሏን ለማስታመም ሁለት ሳምንት የቆየች ናት። ድርቆሿን አቀረበች፣ የትኛው መድኃኒት ከየት እንደሚገዛ፣ የትኛዋ ነርስ እንደምትሰማ፣ ጠዋት በስንት ሰዓት መግባት እንደሚቻል ነገረቻቸው። በማግስቱ አንድ ባጃጅ ተካፍለው ሄዱ። ሰሌዳው ላይ አሁን ማታ ማታ በአማርኛ ይጻፋል፦ «ጠዋት 12 ሰዓት ሆስፒታል፣ አንድ ሰው ይቀራል።» ከሥሩ አንዳንዴ በእንግሊዝኛ የደባርቅ መኪና። ለነሱ ስትይ ኩሽናውን ክፍት አድርጊው፣ ስንቅ ይዘው ነው የሚመጡት፣ ምድጃ ብቻ ነው የሚያስፈልጋቸው።

ስለዚህ ስንት አልጋ? ሁለት የግል ክፍል፣ በሦስቱ ስድስት ስድስት፣ ክፍሎቹ ጠበብ ካሉ አራት አራት። መጀመሪያ አራት አራቱን አስገቢ፣ ሲሞላ ትጨምሪያለሽ። እኔ ግን 26 አሠርቼ ስምንቱን በኪሳራ ነው የሸጥኩት። የሳሎኑን ስፋት ለኪና በውስጥ መስመር ፎቶ ላኪልኝ፣ መደቡን በየት በኩል እንደምታሠሪ አሳይሻለሁ።

ከመምጣትሽ በፊት ደግሞ ናይፍ ገበያ ሂጂ። ወፍራሙን የመጋረጃ ጨርቅ፣ ብርሃን የማያሳልፈውን፣ በሻንጣሽ ሙዪው። ለአንድ አልጋ አራት ሜትር ይበቃል። ቀለበቱንም ከዛው ግዢ፣ እዚህ ያለው ፕላስቲኩ በወሩ ይሰበራል።